ለበላተኛ የማይመቹ ቁጥሮች

አምስት ጓደኛሞች ምሳ በልተው ሲያበቁ አስተናጋጁ 997 ብር የሚል ሂሳብ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ እንበል። (በዛሬ ገበያ አምስት ሰው በ997 ብር ጠግቦ የሚነሣበት ቤት ካለ አድራሻውን በቶሎ ላኩልኝ።) ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለአምስት ያካፍልና «199 ብር ከ40 ሳንቲም» ይላል፤ ሁሉም ድርሻውን ቆጥሮ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ግን ግብግብ ይነሣል። አንዱ የሌላውን ክንድ ጠምዝዞ ይይዛል፣ ሌላው «በሞቴ!» እያለ ብሩን አስተናጋጁ ኪስ ውስጥ ሊከት ይታገላል፣ እጁን ሊታጠብ የሄደው ሦስተኛው ደግሞ ለካ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ጎራ ብሎ ጨርሶ ኖሯል።

ሰው ይህን ባህል ነው ይለዋል። እኔ ሂሳብ ነው እላለሁ። 997 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ስለዚህ ሳንቲም ሳይሸረፍ ይህን ሂሳብ በእኩል የሚዘጋ መንገድ ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ አንድ ሰው 997ቱንም ብር ይከፍላል፣ ወይ 997 ሰዎች ተሰብስበው አንድ አንድ ብር ያዋጣሉ። ሁለተኛውን ለማድረግ ሠፈሩን ሁሉ መጥራት ይጠይቃል። «በሞቴ» ባዩ እንግዲህ ሳይማር የቁጥርን ጠባይ ያወቀ ሰው ነው።

ወጥ ቤታችን ግን እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር አይወድም። ዶሮ 12 ብልት ነው። መጀመሪያ እንዲያ ብላ የገነጠለችው ሴት ስሟ በመጽሐፍ አልተጻፈም እንጂ ሂሳብ ጠንቅቃ የምታውቅ ነበረች። 12 ለሁለት ይካፈላል፣ ለሦስት ይካፈላል፣ ለአራትም ለስድስትም ይካፈላል፤ እንግዳ በየትኛውም ቁጥር ቢመጣ ከሞላ ጎደል አያሳፍርም። የሚያስቸግረው አምስት ወይም ሰባት ሆኖ የሚመጣ ነው። ለአምስቱ ሁለት ሁለት ብልት ከወጣ በኋላ ሁለት ይተርፋል። ሰባት ከሆኑ ደግሞ አንድ አንድ ደርሷቸው አምስት ብልት ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ «ድገም»፣ «ኧረ በቃኝ»፣ «እኔ ልሙት» የሚለው ጦርነት ይከፈታል። ፈረሰኛው የማን እንደሆነ ከጥንት የተወሰነ ስለሆነ እሱ ከሂሳቡ ውጭ ነው።

በሬ ሲፈጠር ግን ይህችን ሴት ማንም አላማከራትም። በግራ ጎኑ 13 የጎድን አጥንት፣ በቀኝ ጎኑ 13 የጎድን አጥንት አለው። ቅርጫ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ራስ ምታት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሠፈራችን ውስጥ ለበዓል የሚታረደው በሬ ለ12 ቤት ነው። የኮባ ቅጠል መሬት ላይ ይነጠፋል፣ 12 መደብ ጎን ለጎን ይደረደራል፣ መዳቢው ሽማግሌ ቢላቸውን ይዘው ከመደብ መደብ እየተጎነበሱ ከዳቢቱም፣ ከሽንጡም፣ ከፍሪምባውም፣ ከጉበቱም እየቆረሱ ያኖራሉ። ከሻኛው ለእያንዳንዱ መደብ የሚደርሰው የአውራ ጣት ታክላለች፤ ብትቀር ግን ጠብ ነው። እግሩ አራት ስለሆነ እያንዳንዱ እግር ለሦስት መደብ ይሆናል፤ ቀላል ነው። ጎድኑ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ሁለት ሁለት ሲያስቀምጡ 24 ያልቃል፣ ሁለት ይቀራል። ሁሉም ሰው እነዚያን ሁለት ጎድኖች እያየ ሌላ ነገር የሚያስብ ይመስላል።

«ጋሼ፣ 13 ቤት ብንሆን እኮ ጎድኑ ልክ ይመጣ ነበር» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጎድኑ ልክ ሲመጣ አራቱን እግር ለ13 በምን ልትከፍለው ነው? ይልቅ ዝንቡን እሽ በል።»

ሁለቱ ጎድኖች እዚያው ተጠብሰው አራጆቹና እኛ ቆመን በላናቸው። ከዚያ እያንዳንዳችን ቁልፍ፣ የክብሪት እንጨት፣ አዝራር፣ ብቻ ያገኘነውን ሰጥተን፣ ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ጣለልን፤ እጣው ወጣ። ሽማግሌው የተናገሩት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ 13ን የሚወድ በሬ ውስጥ ራሱ 4 ተቀምጧል፤ ሁለቱ ደግሞ ከ1 በቀር ምንም የጋራ አካፋይ የላቸውም።

ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ሥጋ የለሽ አድርገው ነው ያስተማሩን። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይሄዳል። በየክፍሉ አንድ ተከራካሪ ልጅ አይጠፋምና እጁን አውጥቶ «1ስ? ለ1ም ለራሱም ይካፈላል» ይላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። 1 ከማኅበሩ የተባረረው በእርግጥ ለሰላም ሲባል ነው። ከ1 በላይ ያለ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይ በብቸኞች ብዜት በአንድ መንገድ ብቻ ይጻፋል፤ 12 ማለት 2 በ2 በ3 ነው፣ ቅደም ተከተሉን ብትቀያይሩት እንጂ ሌላ ብቸኛ ልታስገቡበት አትችሉም። 1ን አባል ብናደርገው 12 ባንድ ጊዜ 2 በ2 በ3 በ1፣ ደግሞም 2 በ2 በ3 በ1 በ1 እያለ መጨረሻ የሌለው ጅራት ያወጣል። 2 ደግሞ በተቃራኒው ሳይጠበቅ የገባ ነው፤ ከተጋማሾቹ ሁሉ ብቸኛ መሆን የቻለ እሱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹን ሁሉ እሱ ራሱ ያካፍላቸዋልና።

ብቸኞቹን ለቅሞ ማውጫው ዘዴ ወንፊት ይባላል። ባለቤቱ ኤራቶስቴንስ ነው፤ ክርስቶስ ሊወለድ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሲቀረው የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ያስተዳድር የነበረ፣ ዛሬ ሊቢያ በምንላት አገር በቀሬና የተወለደ፣ መስቀል የተሸከመው የስምዖን አገር ሰው። ከ2 እስከ 100 ጻፉ፤ 2ን ትታችሁ የ2ን ብዜቶች ሰርዙ፣ 3ን ትታችሁ የ3ን፣ ከዚያ የ5ን፣ ከዚያ የ7ን። እዚህ ላይ እጃችሁን ማጠብ ትችላላችሁ፤ ቀጣዩ 11 ነው፣ 11 በራሱ ሲባዛ 121 ሆኖ ከ100 ያልፋልና የሚሰርዘው አዲስ ነገር የለም። ወንፊቱ ላይ የሚቀሩት 25 ናቸው። ሥራው እንቅልፍ ለነሣው ሰው ከበግ ቆጠራ ይሻላል። ብቻ ከ91 ተጠንቀቁ። መልኩ፣ አቋሙ፣ ዝምታው የብቸኛ ነው፤ ውስጡ ግን 7 በ13 ነው። 57ም እንደዚሁ አታላይ ነው፣ 3 በ19 ስለሆነ። ካለፈው ምዕተ ዓመት ታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ግሮተንዲክ በአንድ ንግግሩ ላይ «የሆነ ብቸኛ ቁጥር ውሰድ» ሲሉት «እሺ፣ 57» አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ 57 በሂሳብ ሰዎች ዘንድ በእሱ ስም ይጠራል። ሊቅ መሆን ማካፈልን ማስታወስ ማለት እንዳልሆነ ሲሰሙ በሂሳብ የወደቁ ሁሉ ይጽናናሉ።

ብቸኞች ያልቃሉ ወይ? አያልቁም። የጥንቱ የሂሳብ ሊቅ ኤውክሊድ የሰጠው ማስረጃ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አለኝ የምትለውን ብቸኛ ሁሉ አባዛና 1 ጨምር። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11ና 13 ተባዝተው 1 ሲጨመር 30,031 ይመጣል። ይህ ቁጥር ለስድስቱ ለአንዳቸውም አይካፈልም፣ ሁልጊዜ 1 ይቀራል፤ እንግዲህ ወይ ራሱ አዲስ ብቸኛ ነው ወይ ውስጡ አዲስ ብቸኛ አለ። እዚህ ሁለተኛው ሆኖ 59 በ509 ነው። ያላችሁን ይዛችሁ በመጣችሁ ቁጥር ያልነበራችሁ ይወጣል። በዚህ ዓይነት ብቸኛ ቁጥር የማደን ሱስ የያዛቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የደረሱበት ትልቁ 41,024,320 አኃዝ አለው። አንድ ገጽ ላይ 2,000 አኃዝ ቢታተም መጽሐፉ ከ20,000 ገጽ ይበልጣል፣ ሲነበብም ታሪክ የለውም።

ሰውን ያሳበደው ግን ብዛታቸው አይደለም፤ አመጣጣቸው ነው። የ5 ብዜት መቼ እንደሚመጣ ሕፃን ያውቃል። ብቸኞቹ ግን እንደ ሠፈራችን ውኃ ናቸው፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ከ101 እስከ 113 ባለው አጭር መንገድ ላይ 101፣ 103፣ 107፣ 109፣ 113 ብለው አምስት ሆነው ይግተለተላሉ፤ ቀጥሎ እስከ 127 ድረስ አንድም የለም፣ በመካከል ያሉት 13ቱም የሚካፈሉ ናቸው። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር አንድ ጊዜ የያዛቸው መስሎ ነበር። አንድ ቁጥር ወስደህ በራሱ አባዛው፣ ራሱን ደምርበት፣ 41 ጨምርበት፤ ከ0 እስከ 39 ያለውን ብትሞክር አርባውም ጊዜ ብቸኛ ይወጣል። 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 61 እያለ ያስቀናል። አርባ ጊዜ ከታመነልን ወዲያ ማን ይጠረጥራል? 40ን ስትሞክሩ 1,681 ይመጣል፤ 41 በ41።

ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ከተነገረው ሁሉ እኔ የምወደው የፍራንክ ኮልን ታሪክ ነው። ሜርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ብቸኛ ናቸው ያላቸውን ታላላቅ ቁጥሮች ሲዘረዝር፣ 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣውን አንዱ አድርጎ ጻፈው። ቁጥሩ 21 አኃዝ አለው፦ 147,573,952,589,676,412,927። በ1876 ኤዱዋር ሉካ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ብቸኛ አለመሆኑን አስረገጠ፤ ለማን እንደሚካፈል ግን አልተገኘም። ሰውየው ሌባ መሆኑ ተረጋግጦ የሰረቀው ዕቃ አልተያዘም ማለት ነው። በጥቅምት 1903 ኮል ኒው ዮርክ በተደረገ የሂሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተራው ሲደርስ ተነሣ፣ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ፣ ምንም ሳይናገር ሁለቶቹን አባዝቶ 1 ቀነሰና ያን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ተሻግሮ 193,707,721ን በ761,838,257,287 በእጁ አባዛ፤ መስመር በመስመር። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኖራውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት በኋላ ሲጠየቅ የሦስት ዓመት እሑዶች ማለቱ ይነገራል። እኔ እስከ ዛሬ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ተናጋሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ «ጊዜ ስለሌለን በአጭሩ» ብሎ የጀመረ ሁሉ ምሳ አሳልፎናል።

ደግሞም ሰውየው ሦስት ዓመት ያጠፋው ለከንቱ አልነበረም። ማባዛቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ መለያየቱ ግን ዕድሜ ይበላል። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ይህንኑ ችግር ወደ ቁልፍ ለወጡት፦ ሁለት እጅግ ትላልቅ ብቸኞችን አባዝተህ ውጤቱን ለዓለም አሳይ፣ ሁለቱን ግን ለራስህ ያዝ። ኢንተርኔት ላይ ምስጢር ሲላላክ ከኖረባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ሌባው የኮልን ያህል እሑድ ስለሌለው።

መንታ የሚባሉ ብቸኞችም አሉ፤ 11ና 13፣ 17ና 19፣ 29ና 31። በመካከላቸው አንድ ቁጥር ብቻ አለ። መንቶች ማለቂያ የላቸውም ተብሎ ይታመናል፣ ማረጋገጥ ግን እስከ ዛሬ አልተቻለም። በ2013 ትልቁን እርምጃ የተራመደው ይታንግ ዣንግ ነው፤ በ70 ሚሊዮን ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት የሚከታተሉ ጥንድ ብቸኞች እንደማያልቁ አሳየ። 70 ሚሊዮን ከ2 ጋር ሲተያይ ብዙ ይመስላል፤ ከዚያ በፊት ግን የተረጋገጠ ወሰን ጭራሽ አልነበረም፣ ሌሎችም ተረባርበው ወደ 246 አወረዱት። ሰውየው ቻይና ተወልዶ አሜሪካ በሂሳብ ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላ የማስተማር ሥራ አጥቶ ሳንድዊች ቤት ሠርቷል፣ የሒሳብ መዝገብ ይዟል። ዲግሪውን ሻንጣው ውስጥ አስቀምጦ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዋሽንግተን ካነሣን ዘንድ፣ እዚያና በዙሪያዋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ሐበሾች በ2021 የጸደይ ማብቂያ ላይ ያዩትን ጉድ አልረሱትም። ሲካዳ የሚባሉ ዓይነ ቀይ ነፍሳት ከመሬት ውስጥ በአእላፍ ወጥተው ዛፉን፣ አጥሩን፣ መኪናውን ሞሉት፤ ጩኸታቸው የስልክ ወሬ አላሰማ አለ። ከዚያ በፊት የወጡት በ2004 ነበር፣ ከዚያም በፊት በ1987፤ ቀጥሎ የሚወጡት በ2038 ነው። በየ17 ዓመቱ ማለት ነው። በየ13 ዓመቱ የሚወጡ ዘመዶችም አሏቸው። 12፣ 14፣ 15ን ትተው ለምን 13ና 17? ሊቃውንቱ እየተከራከሩበት ነው፤ አንዱ መላ ምት ግን የዶሮዋን ነገር ያስታውሰኛል። 12 ለሁሉም ይመቻል ብለን አመስግነነው አልነበር? ለበላተኛም እኮ ነው የሚመቸው። ሲካዳው በየ12 ዓመቱ ቢወጣ፣ በየ2፣ በየ3፣ በየ4 ወይም በየ6 ዓመቱ የሚበዛ ጠላት ሁሉ በወጣ ቁጥር ማዕድ ላይ ይጠብቀዋል። በ17 ከሆነ ግን የ2 ዓመቱ ጠላት በ34፣ የ3ቱ በ51፣ የ4ቱ በ68 ዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚያገኘው። ሲካዳ ብቸኛ ቁጥር የመረጠው እንግዲህ ላለመካፈል ነው፤ በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም። የ13 ዓመቶቹ አንዱ ጭፍራና የ17ቶቹ አንዱ ጭፍራ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚገጥሙት 13 በ17፣ በየ221 ዓመቱ ነው፤ በ1803 ተገናኙ፣ በ2024 ተገናኙ፣ ቀጠሯቸው ለ2245 ነው።

ይህን መገናኘት የማዘግየት ጥበብ የበዓላትን ቀን የሚያሰሉት የኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከጥንት ያውቁታል። የዘመነ ወንጌላውያኑ ዙር 4 ነው፣ የሳምንቱ 7፣ የጨረቃዋ 19። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 4 በ7 በ19፣ በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚሉት ይህንን ነው። የጨረቃዋ ዙር በ19 ፈንታ 21 ቢሆን ኖሮ 7 ውስጡ ስላለ ሁሉም በ84 ዓመት ተጨራርሶ የፋሲካ ቀን ባንድ ሰው ዕድሜ ይደገም ነበር። የእኛን 2018 እንሥራው። 5,500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7,518 ነው። ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ዘመኑ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዝተን 30 30ውን ስንገድፍ አበቅቴ 12፣ በ19 አባዝተን ስንገድፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30። ሁልጊዜም 30 ነው፤ ምክንያቱም 11ና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ነው ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ያረፈው። የዓመቱ በዓላት ልክ እንዲህ ተሰካክተው የነበሩት በ1486 ነበር፣ ኮሎምበስ ሁለተኛ ጉዞው ላይ ሳለ፤ የሚመለሱትም በ2550 ነው። የቆሎ ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ያወርደዋል፤ እኔ ስልክ ይዤ ነው የሠራሁት።

ዓመቶቹንም ወንፊት ላይ ጥዬ አይቻለሁ። 2017 ብቸኛ ነበር። 2027ና 2029 መንታ ሆነው እየመጡ ነው፤ በመካከላቸው ያለው 2028 ግን ለ12ም ለ13ም የሚካፈል ቸር ዓመት ነው። ውጭ አገር ያለው ዘመዳችን ዓመት በተጠራ ቁጥር «በእኛ ነው በእነሱ?» ይላል፤ በእኛም በእነሱም ብቸኛ የሆነ ጊዜ ሲፈለግ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ስለሆነ አንደኛው የግድ ተጋማሽ ነው፤ ተስፋው ያለው ፈረንጆቹ ዓመት ለውጠው ልዩነቱ 8 ሲሆን ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሆነው ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 6፣ 2003 ነበር፤ በእነሱ 2011። ቀጣዩ በእኛ 2081፣ በእነሱ 2089 ነው። የማያምን ከ2 እስከ 43 ያሉትን 14 ብቸኞች በሁለቱም ላይ ይሞክር፤ 2081ን ለ13፣ 2089ን ለ29 ሳካፍል 1፣ 1 ብቻ ሲቀር ልቤ ቀጥ ብላ ነበር።